ኮምጣጣን ከቤቴ ያባረርኩባቸው ዓመታት

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚሰማችሁን ተናገሩ እንጂ የበሽታውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ። ስሙን ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው። ይህን ምክር ያስቀደምኩት አንባቢ እስከ መጨረሻው ባይታገሠኝ እንኳ እሱን ይዞ እንዲሄድ ብዬ ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ፣ ይልቁንም ሁሉን አውቃለሁ በማለቴ፣ አራት ዓመት ታመምኩ፤ ቤተሰቤንም አብሬ አስቸገርኩ።

ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ። ራዲዮም እጠግን ነበር። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጣሁ፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሰዓት መሥራትን ያሳየኝ ሰው የለም። አንዲት የተበላሸች የጠረጴዛ ሰዓት ገዝቼ ደጋግሜ ፈትቼ ገጠምኳት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን መምታት ጀመረች። እንግሊዝኛንም መዝገበ ቃላት ይዤ ከመሣሪያ መመሪያ ላይ ለቀምኩ። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል ይጠናወተዋል፤ ያነበበው ነገር የሚሳሳት አይመስለውም፤ ያላነበበው ነገር ደግሞ ያለ አይመስለውም።

ሕመሙ የጀመረኝ በደርግ ዘመን፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር በካርድ ያድል በነበረበት ጊዜ ነው። ሦስት አራት ጉርሻ እንደበላሁ ሆዴ ይሞላል። የበላሁት እህል ከደረቴ ሥር ተቀምጦ አልወርድ ይላል፤ የምሳ ሰዓት አልፎ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ እዚያው ነው። ከዚያ ግሳቱ ይመጣል። ከግሳቱ ጋር ደረቴን የሚለበልብ ነገር አለ።

ያየኝ ሁሉ “ጨጓራ ነው” አለኝ። በእኛ አገር ከእምብርቱ በላይ ያመመው ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው የሚያመው። ሽፋኑ የወደቀ አንድ የጤና መጽሐፍ ነበረኝና ገለጥኩት። ጨጓራ ምግብ የሚያሟሟበት አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ፈሳሽ እንደሚያመነጭ፣ ሲበዛም እንደሚያቃጥል አነበብኩ። በቃኝ። ሲበዛ ያቃጥላል፤ እኔን ያቃጥለኛል፤ ስለዚህ በዝቶብኛል። ገጹ ከዚያ ዝቅ ብሎ አሲዱ ስለሚያንስበት ሰው የሚለው ነገር ነበረው ይሆን? አላውቅም። ገጹን አልጨረስኩትም።

የዳቦ ሶዳ ገዝቼ በውኃ በጠበጥኩና ጠጣሁ። አንድ ትልቅ ግሳት ወጣና ቀለለኝ። ያ መቅለል ነው ያታለለኝ። በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ሁለት ጊዜ ሆነ፤ በኋላ ከሶዳው ጣሳ ጋር እየተያየሁ ነበር የምሠራው።

ሶዳው ብቻውን አልበቃኝም፤ ለቤቱ ሕግ አወጣሁ። ኮምጣጣ የሚባል ነገር ሁሉ ከቤቴ ይውጣ አልኩ። ሎሚ ቀረ፤ እርጎ ቀረ፤ ጠላ ቀረ። ባለቤቴ ይታይሽ ሊጡን ሳታቦካ፣ እርሾ ሳትጥልበት እንድትጋግር አዘዝኩ። ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ፣ አፍለኛ የምንለው፣ ለአንድ ቀን ይጣፍጥ ይሆናል፤ ለሦስት ዓመት ግን ቅጣት ነው። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ስመኝ ከጓዳ ሆና ስትናገር ሰማኋት።

“እትዬ፣ ይኸ እንጀራ ነው ወይስ የአባባ ፎጣ?”

“ዝም በይ፣ ይሰሙሻል” አለች እናቷ።

“ይስሙኛ። ዓይን እንኳ የለው።”

“ዓይን የሚያስፈልገው ለሰው ነው፤ ብዪ!” ብዬ ከእልፍኝ ጮኽኩ። ያን ጊዜ አንድ የቤት አባወራ ማለት የሚገባውን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሦስት ጤነኛ ልጆችና አንዲት ጤነኛ ሴት በእኔ ሆድ ምክንያት ፎጣ ሲበሉ እንደኖሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለ አበላሌም መናገር አለብኝ፤ ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ተገኝቷልና። በአባቴ ቤት አባት ብቻውን ይበላ ነበር፤ በእኔም ቤት እንዲሁ። ይታይሽ ታስታጥበኛለች፤ ገበታውን ታቀርባለች፤ ከዚያ የውኃ ጣሳ ይዛ በስተቀኜ ትቆማለች። እኔ በግራ እጄ መጽሐፍ ይዤ በቀኜ እበላለሁ። ስጨርስ ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሣ “አንሺው” እላለሁ። እሷና ልጆቹ ከዚያ በኋላ ይበላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ማንም ክፋት ነው አላለኝም። እኔም ሥርዓት ነው እል ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በዚያ አግዳሚ ላይ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሌላው ምን እንዳመመው ሁሉ ያውቃል። ሳል ያለበት በሳሉ፣ ወባ ያለበት በብርድ ልብሱ ይታወቃል። እኔ በግሳቴ ታወቅሁ። አንዲት አሮጊት “እኒህ ሰውዬ ተራቸው ሲደርስ መጥራት አያስፈልግም፤ ራሳቸው ይጠራሉ” ብለው አግዳሚውን ሁሉ አሳቁብኝ።

ድሬሰሩ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር።

“ምን ሆኑ፣ አባት?”

“ጨጓራ።”

“ማለቴ፣ ምን ይሰማዎታል? ምግብ ሲበሉ ነው ወይስ …”

“ጨጓራ አልኩህ። አሲድ በዝቶብኛል።”

እስክሪብቶውን አነሣና ፈገግ አለ። “ይህን ያህል ካወቁ እኔ ምን እጨምርልዎታለሁ?” ብሎ የሚታኘክ ነጭ ኪኒን ጻፈልኝ። ኪኒኑ አሲድ የሚያበርድ ነው፤ ያው የሶዳው ወንድም። ድሬሰሩን አልወቅሰውም። ሊጠይቀኝ ሲጀምር አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያንኑ አልኩት፤ ያንኑ ሰጠኝ።

ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ትል ነው ብሎኝ ኮሶ ጠጣሁ፤ ከእኔ ጉልበት በቀር የወጣ ነገር አልነበረም። ሌላው ነርቭ ነው አለኝ፤ ሌላው ሐሳብ ነው አለኝ። በቀበሌ ስብሰባ ላይም ተዋረድኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ረጅም ንግግር አድርጎ ሊጨርስ ሲል፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ያ ግሳቴ አመለጠኝ።

“ጓድ፣ ተቃውሞ አለዎት?” አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

“ኧረ የለኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጨጓራ ነው።”

“ጨጓራዎ ከአብዮቱ ጋር ይሰለፍ!” አለ። ሰው መሳቅ ፈልጎ ፈራ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስብሰባ ባለበት ቀን እህል አልቀምስም ነበር።

መክሳቴን ልብሴ ይናገር ጀመር። ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል። ምላሴ ቀልቶ፣ ያ ሻካራነቱ ጠፍቶ ለሰለሰ፤ በርበሬ ሲነካው እንባዬ ይመጣል። እኔም “ይኸው፣ አሲዱ እስከ ምላሴ ወጣ” ብዬ ሶዳውን ጨመርኩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነበር። ለማንም ሳልናገር የያዝኩት ነገር ነው። በመጀመሪያ የእግር ጣቶቼን ውርር ውርር አደረገኝ፤ ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኝ ጀመር። ቀጥሎ ወደ እጄ መጣ። ሰዓት ሠሪ በዓይኑ የሚሠራ ይመስላችኋል። አይደለም። ከጤፍ የማትበልጠውን ብሎን በወረንጦ ሲይዝ ጠበቀች ላላች የሚለው ጣቱ ነው። የእኔ ጣቶች መናገር አቆሙ። ብሎን ከወረንጦው ሲወድቅ የማውቀው መሬት ላይ ድምፁን ስሰማ ሆነ። የደንበኛ ሰዓት ከፍቼ እቀመጥና እንዲሁ አፈጥበታለሁ። “ነገ ና” የምለው ሰው በዛ። ጣቶቼ ከሞቱ እኔ ምንድን ነኝ? ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? እርሻ የለኝ፤ ሌላ ሙያ የለኝ። ቀን ቀን ይህን እያሰብኩ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ቤት ስገባም በልጆቹ ላይ እቆጣለሁ። አንድ አባት በቤቱ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው። ይህን የምናገረው ራሴን ለማሳመር አይደለም።

አንድ ቀን ይታይሽ ምሳ ይዛ ወደ ሱቅ መጣች። እኔ የራዲዮ ሽቦ ልበይድ ካውያ አግዬ በግራ እጄ ሽቦውን ይዣለሁ።

“ምን ይሸታል?” አለች ከደጃፉ።

“ላስቲክ ነው።”

“ላስቲክ አይደለም። የሥጋ … እጅዎ! አንቱ ሰውዬ፣ እጅዎ!”

አየሁት። ሌባ ጣቴ የጋለው ብረት ላይ ተደግፎ ይጨሳል። እኔ አልሰማኝም። ይታይሽ አልጮኸችም። እጄን እንደ ልጅ እጅ ይዛ ያመጣችው ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ከዚያ አጠገቤ በርከክ አለች።

“ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ዛሬ ነው እንጂ።”

“ውሸት ነው።”

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ውሸት ነው ስትለኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ቁጣ አጣሁ።

“ከፋሲካ ወዲህ” አልኳት። “ለሰው እንዳትናገሪ። ደንበኛ ይሸሸኛል።”

ጣቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ምሳውን ገለጠችልኝና እንደ ልማዷ ቆመች።

ከዚያ ወር ሳይሞላ በቤተ ክርስቲያን ወደቅሁ። በኪዳን ጸሎት ሰዓት መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ስል መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ፤ ስነቃ ሰዎች አንሥተውኛል። በማግሥቱም ዓይኔን ስጨፍን ተንገዳገድኩ። ዓይኔን ስገልጥ ደህና ነኝ። ይህን ያዩ ሰዎች መንፈስ ነው አሉ። ጸሎት ሲጀምር የሚጥል ነገር ሌላ ምን ይሆናል?

ስለዚህ ወደ ጣራ ገዳም ወርጄ ሱባዔ ያዝኩ። ይታይሽ ልጆቹን ለእናቷ ትታ ተከተለችኝ። ሰባት ቀን ጸበል ተጠመቅሁ፤ ቆሎ ቆረጠምኩ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዘወትር ከዛፍ ሥር ሆነው ያዩኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ምላስህን አውጣ” አሉኝ።

አወጣሁ። አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔ ገዳም ሳልገባ የመድኃኒት ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ጸበሉን ጠጥተሃል፤ መልካም። ጸበል ሐኪምን አይከለክልም። ጎንደር ሂድ።” ከዚያ ወደ ይታይሽ ዞረው “አንቺም አብረሽው ግቢ፤ ደጅ አትቅሪ” አሏት። ለምን እንዲህ እንዳሏት ያን ጊዜ አልገባኝም።

በዚያ ዘመን ጎንደር ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ አየኝና አስታወሰኝ።

“ያ ጨጓራ እስካሁን አልተሰለፈም?”

“አልተሰለፈም፣ ጓድ።”

ፊቴን አየ፤ ልብሴን አየ። ሌላ ቀልድ አልጨመረም። የሁለታችንንም ወረቀት እዚያው ፈርሞ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታና “ድነው ይምጡ፤ ሰዓቴም ቆማለች” አለኝ። ያን ሰው እፈራው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ሰው ሆኖ አገኘሁት። ያየሁትን እጽፋለሁ።

በጎንደር ሆስፒታል መተላለፊያ ሁለት ቀን ጠበቅን። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። እኔ ብዙ መቆም አልችልም፤ እግሬ መሬቱን ስለማያገኘው ወለሉን እያየሁ ነው የምቆመው። ከጉና ሥር የመጣ አንድ ገበሬ፣ የበግ ለምድ የደረበ፣ ሚስቱን ያሳክማል። አየኝና ተነሣ።

“ይቀመጡ።”

“አንተስ?”

“እኔ የጉና ብርድ ቆሞ ማደር አስተምሮኛል።” ሁለት ቀን ሙሉ አልተቀመጠም። ከአገልግሉ የተቀቀለ ድንች አውጥቶ ለሁላችን አደለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ተራዬ ሲደርስ ይታይሽ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሴት ሐኪም አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልናገርና ቅር አለኝ።

“ምን ሆኑ?”

“ጨጓራ ነው። አሲድ …”

“አይደለም” አለች ይታይሽ።

ዞሬ አየኋት። ከዚያ በፊት የትም ቦታ ንግግሬን አቋርጣ አታውቅም። ነጠላዋን ይዛ ወለሉን እያየች ተናገረች።

“ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው የሚነግሩዎት መጽሐፍ የነገራቸውን ነው። ጣታቸው እሳት አይሰማውም። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ይወድቃሉ። ሶዳ በቀን አራቴ አምስቴ ይጠጣሉ፤ ሲደበቁኝም አውቃለሁ። ሲበሉ ሁለት ጊዜ አኝከው ይውጣሉ፤ ሥጋ ከሆነ አንድ ጊዜ። በላዩ ላይ ውኃ ይገለብጣሉ። አራት ጉርሻ ሲደርስ እጃቸው ይዝላል፤ አምስተኛውን የሚበሉት ለእኔ ብለው ነው።”

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሲበሉ ቆሜ ሳይ።”

“ቆመሽ?”

“አዎ። ውኃ ይዤ።”

እኔ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሆዴ ሳይሆን ፊቴ ተቃጠለ። አምስተኛዋን ጉርሻ ማወቋን አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ምላሴን አየች፤ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች። እግሬን ገጥሜ እንድቆም፣ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝ። ተንገዳገድኩና አጠገቤ የቆመ የሆስፒታሉ አስታማሚ ደገፈኝ። “በቤተ ክርስቲያንም የሆነው ይኸው ነው” አልኳት። “መንፈስ አይደለም” አለች። “እግርዎ የት እንዳለ ለአንጎልዎ የሚናገረው ነርቭ ደክሟል። ዓይንዎ ነው ሲያግዘው የቆየው፤ ሲጨፍኑት ብቻውን ይቀራል።” ደሜንም አስመረመረች።

በማግሥቱ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ጨጓራዬ አሲዱን የሚያሳንስ እንጂ የሚያበዛ አይመስልም። እዚያ ለመለካት የሚያስችል መሣሪያ ስለሌላት በእርግጠኝነት አልማለችልኝም፤ ምላሴ፣ ደሜና እግሬ ግን አንድ ላይ ወደዚያ ይጠቁማሉ። ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት የሚገኝ ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ነገር አለ፤ ደምንና ነርቭን የሚጠብቅ ነው። የደከመ ጨጓራ ይህን ከምግቡ ለይቶ ለሰውነት ማቀበል ያቅተዋል።

“ታዲያ ካነሰ ለምን ያቃጥለኛል?” ብዬ ተከራከርኳት።

“ሳይፈጭ የቆየ ምግብ ሆድ ይነፋል፤ ወደ ላይም ይገፋል። ሲበዛም ሲያንስም የሚሰማው ነገር ሊመሳሰል ይችላል። ለዚህ ነው እኛ የምንጠይቀው።”

“ጣቴስ ይመለሳል?”

“ቀድመው ቢመጡ ኖሮ አዎ እልዎ ነበር። አሁን ግን እንሞክራለን ነው የምልዎት። ወራት ይፈጃል።”

ቀይ ፈሳሽ ያለበት መርፌ አዘዘችልኝ፤ መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ በኋላ በየወሩ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኬን። ሶዳውን ከለከለችኝ። ስለ አበላልም ነገረችኝ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፤ ሥጋው ደቆ፣ በደንብ ታኝኮ፤ ውኃው በምግብ መካከል ሳይገለበጥ። እንጀራውም ቦክቶ ይጋገር። ከምግብ በፊት ጥቂት የሎሚ ጠብታ በውኃ ብቀምስ የምግብ ፍላጎቴን ሊያነቃቃው እንደሚችል ተናገረች፤ “ግን መድኃኒቱ መርፌው ነው፤ ሎሚው አይደለም። ካቃጠለዎ ይተዉት” አለች። እዚህ ላይ አንባቢን አስጠነቅቃለሁ። ጨጓራው የቆሰለ፣ ደም የሚያስታውከው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ሎሚ ልሞክር ቢል ራሱን ይጎዳል። ሐኪም ሳያየው ከእኔ ታሪክ መድኃኒት አይቅዳ። እኔም ከመጽሐፍ ቀድቼ ነው የተጎዳሁት።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟ ይታይሽን ጠራቻት። “ከዛሬ ጀምሮ አብረሻቸው ተቀምጠሽ ብዪ። አንቺ የያዝሽውን ሳትውጪ እሳቸው ሌላ አይጉረሱ። ለትዳራችሁ ብዬ አይደለም፤ ለጨጓራቸው ነው።” ደግሞ ከፋሻ ላይ የጥጥ ክር ነቅላ ሰጠቻት። “በሳምንት አንድ ቀን ዓይናቸውን ይጨፍኑ፤ በክሩ ጫፍ ጣቶቻቸውን ነካ እያደረግሽ የትኛው ነው በያቸው።”

ስንመለስ መኪናው ይፋግ ላይ ቆመ። ሻጮቹ በመስኮቱ ሎሚ ዘረጉ። ይታይሽ ሎሚውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ሕጉ የእኔ ስለነበር ፈቃድ መጠየቋ ነው። “ግዢ” አልኳት። በነጠላዋ ሙሉ ገዛች።

የመጀመሪያው ምሳችን ግን ከመርፌው በላይ ከበደኝ። ገበታው ቀረበ፤ እሷ ከፊቴ ተቀመጠች፤ ጣሳው መሬት ላይ ሆነ። ጎረስኩና አኘክሁ። እሷ እንጀራውን ቆርሳ እንደያዘችው ቀረች።

“ብዪ እንጂ።”

“እምቢ አለኝ።”

“ምኑ?”

“በእርስዎ ፊት አፌን መክፈት። በልቼ አላውቅማ።”

ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ልጆቹ ይንሾካሾካሉ። “ኧረ አባባ ሳይውጡ እየጠበቁ ነው!” አለች ስመኝ፤ ታናናሾቿ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ለመቆጣት አፌ በእህል ሞልቶ ስለነበር አልቻልኩም። ይታይሽ አየችኝና እሷም ሳቀች፤ በሳቋ መካከል ጎረሰች። እስክትውጥ ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ከእሷ በኋላ ጎረስኩ። አንድ እንጀራ ለመጨረስ ያን ያህል ጊዜ የፈጀብን ቀን የለም። ስንጨርስ ሆዴ አልተነፋም ብል ውሸት ነው፤ ትንሽ ተነፍቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ምሳዬ ከምሽቱ በፊት ይወርድልኝ ጀመር። ልጆቹም ወደ ገበታው ቀረቡ። መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ተውኩት።

እንቁላሉና ወተቱ በጾም ቀን ሲሆን አሻፈረኝ ብዬ ነበር። የንስሐ አባቴ ሰምተው መጡ። “እንቁላሉን ብላ። አንተ ትዕቢትህን ጹም” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኩም።

መርፌውን የሚወጋኝ ያው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። በመጀመሪያው ቀን “ዛሬስ ስሙን ይዘው መጡ፣ አባት?” አለኝ። “ወረቀት ነው የያዝኩት። ያን ጊዜ አፍህን ስለዘጋሁ ይቅር በለኝ” አልኩት። መርፌውን እንደያዘ አፍሮ አቀረቀረ። ከዚያ በጣም ቀስ አድርጎ ወጋኝ።

ምላሴ በሁለት ሳምንት ተሻለው። ዳገት መውጣት በወር ገደማ ቻልኩ። በቤተ ክርስቲያን ዓይኔን ጨፍኜ መቆም የቻልኩት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከግራ እግሬ ጣቶች ሁለቱ ዛሬም አልተመለሱም፤ የአራት ዓመት ግትርነቴ ዋጋ ናቸው።

የእጄ ጣቶች ግን ዘገዩ። ወደ ጎንደር ስሄድ የዘጋሁት ሱቅ እንደተዘጋ ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይታይሽ ክሯን ይዛ ከፊቴ ትቀመጣለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጆቼን እዘረጋለሁ። እውነቱን ልጻፍና በመጀመሪያዎቹ ወራት አጭበረብራት ነበር። ምንም ሳይሰማኝ “አውራ ጣት”፣ “ትንሿ ጣት” እላለሁ። እሷ እንዳታዝን ብዬ ነው፤ ደግሞም ስለ ፈራሁ ነው። አንድ እሑድ “የትኛው ነው?” አለችኝ። “የመካከለኛው” አልኩ። “ዛሬ ክሩን ከመሶቡ ላይ አላነሣሁትም” አለችኝና ተነሥታ ወጣች። በጣም አፈርኩ። በሚቀጥለው እሑድ እንደ ወትሮዋ መጣች፤ የባለፈውን አላነሣችብኝም። ከዚያ ወዲህ ካልተሰማኝ አልተሰማኝም እላለሁ። ብዙ እሑዶች አልተሰማኝም ብቻ እያልኩ አለፉ።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠናል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አሁንስ?”

“የለም።”

“አሁን?”

“የለም፣ ይታይሽ።”

ልጆቹ ከጓሮ ሲጯጯሁ ይሰማኛል። ከዚያ አንዲት ዝንብ ያረፈች የምታህል ነገር መጣች፤ ቀለለች፣ ሄደች፣ ተመለሰች።

“የቀለበት ጣቴ” አልኩ። “የቀኝ እጄ።”

መልስ የለም።

“ተሳሳትኩ?”

የተከለከልኩ ብሆንም ዓይኔን ገለጥኩ። ክሩ በቀለበት ጣቴ ላይ ነበር። ይታይሽ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች።

“ይጨፍኑ እንጂ” አለችኝ ሳትዞር። “ገና ዘጠኝ ጣት ይቀራል።”